ስታቲስቲካል ኢኮሎጂ፦ ከቆርኬ እስከ ዓሣ ነባሪ፣ ሥራው በተግባር ምን ይመስላል?

#1 ቁጥር ወዳድ

ሰላም ለመድረኩ። ከስታቲስቲክስ ተነስቶ ወደ ስታቲስቲካል ኢኮሎጂ፣ በተለይ ወደ ባሕርና ዱር እንስሳት ምርምር መግባት ለሚፈልግ ሰው ሥራው በተግባር ምን እንደሆነ የምታውቁ ብታብራሩልኝ። «የእንስሳትን ብዛት መገመት» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል፤ አሠራሩን ግን በአማርኛ ዘርዝሮ የጻፈ አላገኘሁም።

ለመነሻ ያህል አንድ የመለማመጃ ዳታ ላስቀምጥ። ሣርና ቁጥቋጦ የተቀላቀለበት 200 ካሬ ኪ.ሜ. ቦታ፣ 12 መስመሮች፣ ጠቅላላ ርዝመት 120 ኪ.ሜ.። በእግር ተሂዶ 84 የቆርኬ መንጋ ታይቷል፤ አንድ መንጋ በአማካይ 3.2 ነው። ከ250 ሜትር በላይ የታየው ተቆርጧል። በአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ውስጥ ባለው የዲስታንስ ጥቅል፣ ርቀት ሲጨምር መታየት እንዴት እንደሚቀንስ በሚያሳይ ሃዛርድ-ሬት በተባለ ሞዴል ሲሞከር የመታየት ዕድሉ 0.27 ወጣ። ጠቅላላው 3,300 ገደማ ሆነ። ልክ ነው?

#2 መስመር ሠሪ

ወንድሜ፣ ስሌቱ ልክ ነው። ቁጥሩ ልክ መሆኑን ግን ገና አላወቅንም።

መጀመሪያ ስሌቱን ለሌሎች አንባቢዎች ላሳይ። በመስመሩ ግራና ቀኝ እስከ 250 ሜትር ካየህ የዳሰስከው ስፋት 2 × 0.25 × 120 = 60 ካሬ ኪ.ሜ. ነው። በዚያ ውስጥ ከነበሩት መንጋዎች ያየኸው 27% ብቻ ነው ከተባለ፣ በውጤት ደረጃ የሸፈንከው 16.2 ካሬ ኪ.ሜ. ነው ማለት ነው። 84 ÷ 16.2 = 5.19 መንጋ በካሬ ኪ.ሜ.፤ በ3.2 ሲባዛ 16.6 እንስሳ፤ በ200 ሲባዛ 3,320።

ልብ በል፣ ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ቆጥረህ ያገኘኸው 84ቱንና 3.2ን ነው። 0.27 በዓይን የታየ ነገር አይደለም፤ ከርቀቶቹ አበታተን የተገመተ ነው። እሱ 0.54 ቢሆን ውጤቱ በግማሽ ይወርዳል። የሙያው ጉልበት የሚያልቀው እዚያች ቁጥር ላይ ነው። የመስመር ትራንሴክት (በተወሰነ መስመር ላይ እየሄዱ መቁጠር) ይሁን፣ ካሜራ ትራፕ (እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ)፣ ሃይድሮፎን (የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን) ወይም የፎቶ መለያ፣ ሁሉም ያልታየው ስንት እንደሆነ የሚጠይቁ የተለያዩ መንገዶች ናቸው።

ዘዴው እንዲሠራ ሦስት ነገር መሟላት አለበት። መስመሩ ላይ ያለ እንስሳ ሁሉ መታየት አለበት። እንስሳው አንተን አይቶ ከመንቀሳቀሱ በፊት የነበረበት ቦታ መመዝገብ አለበት። ርቀቱም በትክክል መለካት አለበት። ከነዚህ በፊት ደግሞ መስመሮቹ በዕጣ መጣል አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ አንድ መነሻ በዕጣ ይወጣና የቀሩት በእኩል ርቀት ይደረደራሉ። መኪና መንገድን እንደ ትራንሴክት መጠቀም የተለመደ ጥፋት ነው፤ እንስሳት ከመንገድ ይሸሻሉ ወይም ለጥርጊያው ሣር ሲሉ ይጠጋሉ፣ ሁለቱንም ሞዴል አያድነውም።

#3 ሐመልማል

መስመር ሠሪ ያለው ላይ የሜዳውን ልጨምር። ከዳታው ችግር አብዛኛው የሚፈጠረው ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት ነው።

ለሞዴሉ የሚያስፈልገው ከመስመሩ ወደ እንስሳው በ90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ርቀት ነው። እሱን በቀጥታ መለካት ስለሚያስቸግር በሌዘር ሬንጅፋይንደር ከቆሙበት እስከ መንጋው ይለካል፣ በኮምፓስ ከመስመሩ ያለው ማዕዘን ይነበባል፣ ከዚያ ርቀቱ በማዕዘኑ ሳይን ይባዛል። መንጋ ከሆነ ወደ መንጋው መሃል ነው የሚለካው፤ ቅርብ ወደ ቆመችው እንስሳ ከተለካ ርቀቱ ያጥራል፣ ግምቱም ይንራል። ሌዘሩ ሣር ላይ አርፎ የተሳሳተ ቁጥር ስለሚሰጥ ሁለት ጊዜ መለካት ግድ ነው።

ሌላው፣ አማካይ 3.2 የተባለው ሊያሳስት ይችላል። 200 ሜትር ላይ ያለች ብቸኛ ቆርኬ ታመልጣለች፤ ዐሥር የያዘ መንጋ ግን አያመልጥም። ስለዚህ የታዩት መንጋዎች አማካይ ከእውነተኛው ይበልጣል። መፍትሔው የመንጋውን መጠን ሎጋሪዝም ከመታየት ዕድል ጋር ሪግሬሽን መሥራት ወይም የመንጋን መጠን ኮቫሪየት (በመታየት ላይ ተጽዕኖ ያለው መለኪያ) አድርጎ ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ነው።

ቁጥር ወዳድ፣ ሂስቶግራሙን ሳናይ ስለ 0.27 ምንም ማለት አይቻልም። ርቀቶቹን በ25 ሜትር ከፋፍለህ ለጥፍልን።

#4 ተጠራጣሪው

ይህን ሁሉ ከማወሳሰብ ለምን ሁሉም አይቆጠርም? ሰሜን ተራሮች ላይ ዋልያ የሚቆጠረው ቦታው ተከፋፍሎ፣ ቡድኖች በአንድ ጊዜ ተሰማርተው ነው። ሞዴል የለ፣ ምን የለ።

#5 መስመር ሠሪ

ቦታው ጠባብና ገላጣ ከሆነ ሙሉ ቆጠራ ጥሩ ነው፤ ሰንቀሌን (የቆርኬ መጠለያውን) የመሰለ ሜዳ ላይ እኔም እመርጠዋለሁ። ገደል ላይ ግን «ሙሉ» የሚለው ስም ብቻ ነው። ዘንድሮ ጉም በዝቶ 20% ቢያመልጥና ለከርሞ ሰማዩ ጠርቶ 5% ቢያመልጥ፣ ዋልያው ባይጨምርም ቁጥሩ ይጨምራል። ጭማሪው የእንስሳው ይሁን የሰማዩ የሚለይበት መንገድ የለህም።

ብዙ ሳይወሳሰብ የሚስተካከልበት መንገድ አለ። ሁለት ተመልካቾች አንዱን ክፍል ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይቁጠሩ፣ እያንዳንዱን መንጋ ከሰዓቱ፣ ከቦታውና ከወንድ ሴት ጥንቅሩ ጋር ይመዝግቡ። አንዱ 30 መንጋ፣ ሌላው 28 አይተው 21ዱ የጋራ ከሆኑ፣ (31 × 29 ÷ 22) − 1 = 40 ገደማ መንጋ አለ። ሁለቱ በድምሩ ያዩት 37 ስለሆነ ሦስት ያህል ለሁለቱም አልታዩም። ሁለቱም የሚያዩት ቀላሉን መንጋ፣ የሚያመልጣቸውም አስቸጋሪውን ከሆነ 40ውም ያንሳል። ቢሆንም ከ30 ይሻላል።

#6 ባሕር ማዶ

የባሕሩን እኔ ልውሰድ። ባሕር ላይ የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ራሱ ይፈርሳል። መርከቡ በላዩ ሲያልፍ ውኃ ውስጥ የጠለቀ እንስሳ መስመሩ ላይ ቢሆንም አይታይም።

ጥሩው ምሳሌ የሰሜን ባሕር ፖርፖይዝ ነው፤ ዶልፊን የሚመስል፣ ግን ትንሽና ዓይን አፋር እንስሳ። ስካንስ የተባለው የአውሮፓ ዳሰሳ በ1994፣ በ2005፣ በ2016 እና በ2022 ተካሂዷል። መነሻው ፖርፖይዞች በዓሣ መረብ እየተያዙ ማለቃቸው ነበር፤ ስንት መሞቱ አደጋ እንደሆነ ለማወቅ ስንት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። የ1994ቱ ግምት 340,000 ገደማ ነበር።

መርከብ ላይ ሁለት ቡድን ይቆማል። አንዱ ከፍ ብሎ በትልቅ መነጽር ሩቅ ፊት ለፊት ይመለከታል፣ እንስሳው ለመርከቡ ድምፅ ምላሽ ከመስጠቱ በፊት ለመያዝ። ሌላው ቡድን ያኛው ያየውን ሳይሰማ በባዶ ዓይን ቅርቡን ያያል። የመጀመሪያው ካገኛቸው ውስጥ ሁለተኛው ስንቱን እንዳገኘ ሲታይ መስመሩ ላይ የመታየት ዕድል ይገኛል። እዚህ የሚበላሸው ነገር ማዛመዱ ነው፤ ሰዓት በሰከንድ ካልተመዘገበ ሁለቱ ያዩት አንድ እንስሳ ይሁን ሁለት መለየት ያቅታል።

በአውሮፕላን ሲሆን ከፍታው 600 ጫማ፣ ማለትም 183 ሜትር ነው። ርቀት በሜትር አይለካም፤ እንስሳው በጎን ትክክል ሲሆን ክሊኖሜትር የሚያሳየው ወደ ታች ያለ ማዕዘን ይነበባል። 183 ለማዕዘኑ ታንጀንት ይካፈላል፦ 45 ዲግሪ ከሆነ 183 ሜትር፣ 60 ከሆነ 106፣ 30 ከሆነ 317። አውሮፕላኑ አንዳንዴ ዞሮ ያንኑ መስመር ይደግማል፤ የጠለቀው ብቅ ሲል ይገኛል፣ ከድግግሞሹም የመታየት ዕድሉ ይሰላል።

ማዕበል ደግሞ ሌላ ነው። በቢውፎርት ልኬት ከ2 በላይ ሲሆን የፖርፖይዝ መታየት በፍጥነት ይወድቃል። ገንዘቡ ለመርከብ ቀን ከተከፈለ በኋላ ነፋስ ተነስቶ የሚገኘው ዳታ ብዙም የማይጠቅም ሊሆን ይችላል፤ በጀት ሲሠራ የሚባክን ቀን አብሮ መታሰብ አለበት።

ስለ ንድፍ አንድ ነገር። በ2005 የፖርፖይዙ ጠቅላላ ብዛት ከ1994ቱ ብዙም አልተለየም፤ ቦታው ግን ከሰሜን ባሕር ሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ተዛውሮ ነበር። ሰሜኑን ብቻ የዳሰሰ ሰው «አለቀ» ይል ነበር፣ ደቡቡን ብቻ የዳሰሰ ደግሞ «ፈላ»።

#7 ቁጥር ወዳድ

አመሰግናለሁ፤ ሂስቶግራሙን ማታ እለጥፋለሁ። ሃይድሮፎን የሚለው ግን አልገባኝም። ድምፅ ብዙ ተሰማ ማለት እንስሳ ብዙ ነው ማለት ነው? አንዱ ለፍላፊ ቢሆንስ?

#8 ባሕር ማዶ

ጥያቄህ ዋናው ነገር ነው። ድምፅን ወደ እንስሳ ለመቀየር አራት ነገር ማወቅ አለብህ። ክሊክ ማለት እንስሳው የሚያሰማው አጭር ድምፅ ነው፤ ቀመሩ እንዲህ ነው፦

ጥግግት = የተሰሙ ክሊኮች × (1 − የሐሰት ድርሻ) ÷ (የሃይድሮፎን ብዛት × በአንዱ ሃይድሮፎን ዙሪያ ያለው ክብ ስፋት × የመሰማት ዕድል × ጊዜ × አንድ እንስሳ በሰከንድ የሚያሰማው ክሊክ)

ይህ በ2009 በባሃማስ በብሌንቪል ምንቃራም ዓሣ ነባሪ ላይ ተሠርቶ ታትሟል፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መለማመጃ ክልል ወለል ላይ የተተከሉ 82 ሃይድሮፎኖች የ6 ቀን ቅጂ ጥቅም ላይ ውሏል። የሐሰት ድርሻው (ክሊክ ሳይሆን ክሊክ ተብሎ የተቆጠረው) በናሙና የተወሰዱ ቅጂዎችን በሰው ጆሮና ዓይን በማረጋገጥ ይገኛል። የመሰማት ዕድሉና የክሊክ ፍጥነቱ የሚገኙት በመምጠጫ ኩባያ እንስሳው ላይ ከሚለጠፍ መቅጃ ነው፤ ዓሣ ነባሪው መቼ ክሊክ እንዳሰማ ይታወቃል፣ ከዚያ በዙሪያው ያሉት ሃይድሮፎኖች ያን ክሊክ ሰሙት ወይስ አልሰሙትም ተብሎ ይታያል።

የ«ለፍላፊው» ጉዳይ የሚገባው እዚህ ነው። እነዚህ ዓሣ ነባሪዎች ክሊክ የሚያሰሙት ጠልቀው ሲያድኑ ነው፤ ላይ ሲሆኑ ዝም ይላሉ። የክሊክ ፍጥነቱ ዝምታውንም ጨምሮ ከመጥለቅ እስከ መጥለቅ ባለው ሙሉ ዑደት ላይ መሰላት አለበት። ሲያድን ብቻ ያለውን ፍጥነት የወሰደ ሰው አካፋዩን ያገዝፈዋል፣ እንስሳውን ያሳንሰዋል። በዚያ ላይ መቅጃ የሚለጠፍባቸው እንስሳት ጥቂት ስለሆኑ የመጨረሻው እርግጠኝነት ከሚሊዮን ክሊክ ሳይሆን ከነዚያ ጥቂቶች ነው የሚመጣው። ክሊክ ብዙ ስለሆነ ብቻ ስሕተቱ ትንሽ ነው ብሎ መጻፍ ገምጋሚ የሚጥለው ነገር ነው።

ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን ለውጥ ብቻ ከተፈለገ ቀላል ነው። የሜክሲኮዋን ቫኪታ (ትንሽ የፖርፖይዝ ዝርያ) ተመልከቱ። በ1997 ግምቱ 567 ነበር፣ በ2008 ወደ 245፣ በ2015 ወደ 59 ወረደ። ቁጥሯ ካነሰ ወዲህ በመርከብ መፈለግ አዋጪ አልሆነም፤ ከ2011 ጀምሮ በ46 ቦታዎች ሲ-ፖድ የሚባል የክሊክ መቅጃ እየተተከለ ቆይቷል። ከ2011 እስከ 2015 ድምፁ በዓመት በአማካይ 34% ቀነሰ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ቶቶአባ ለሚባል ዓሣ የሚጣል መረብ። የስታቲስቲክሱ ጣጣ ግን መቅጃዎቹ ሁሉ ሁልጊዜ አለመገኘታቸው ነው። ብዙ ቫኪታ የሚሰማበት ቦታ ያለው መሣሪያ አንድ ዓመት ከጠፋ ተራው አማካይ ያለ ምክንያት ይወድቃል። ስለዚህ የየቦታውን ልማድ የሚያውቅ የቦታ ሞዴል የጎደለውን ይሞላል፤ ያ ሙሌት ያመጣው ጥርጣሬም በመተማመኛ ክልሉ ውስጥ ይገባል።

#9 ሐመልማል

የፎቶ መለያንም አትርሱ። የዶልፊን ጀርባ ክንፍ ጠርዝ፣ የግሬቪ የሜዳ አህያ ሽንትር፣ የዌል ሻርክ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላሉ። ስሌቱ #5 ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፣ ሁለቱ ተመልካቾች ሁለት ጊዜያት ሆኑ እንጂ። በመጀመሪያው ዙር 40፣ በሁለተኛው 36፣ የጋራ 17 ከሆኑ፦ (41 × 37 ÷ 18) − 1 = 83። ክንፋቸው ላይ ምልክት ያላቸው 60% ብቻ ከሆኑ 83 ÷ 0.6 = 138 ገደማ።

የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ከ17ቱ ተመሳሳዮች አራቱ ፎቶው ደብዝዞ ሳይዛመዱ ቢቀሩ፣ የጋራው 13 ይሆንና 83 የነበረው 107 ይሆናል። በአራት ፎቶ ስሕተት 29% ጭማሪ። መድኃኒቱ ደስ አይልም፦ ጥራት የሌለውን ፎቶ እንስሳው የታወቀ ቢሆንም መጣል። «ይህችማ እገሊት ናት» ብሎ መጥፎ ፎቶ ማስቀረት የሚያዛባው ምልክታቸው ጎልቶ የሚታየውን ብቻ ስለሚያስቀር ነው።

ጥናቱ ዓመታት ከፈጀ ሞትና ልደት ስለሚገባ የኮርማክ፣ የጆሊና የሲበር ሞዴሎች ይመጣሉ። ኮርማክ በ1964፣ ሌሎቹ ሁለቱ በ1965 ነው ያሳተሙት፤ ዛሬም የሚሠራበት ነው። እነሱ ላይ «ሞተ» እና «ቦታውን ለቀቀ» አይለዩም፤ 0.85 የሚል የመትረፍ ዕድል ስታዩ 15% ሞቷል ብላችሁ አትጻፉ።

#10 ባሕር ማዶ

አንድ ዳታ ሁለት ታሪክ ሊደግፍ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ደግሞ ከብሪታንያ ግራጫ ሲል (ሲል የሚባል የባሕር አጥቢ እንስሳ) አለ። ሲል በመኸር የብስ ላይ ይወልዳል፤ ግልገሎቹ ከአውሮፕላን በተደጋጋሚ ፎቶ ይነሳሉ፣ ልደቱ ሳምንታት ስለሚወስድ አንድ ፎቶ አይበቃም። የሚታወቀው የግልገል ቁጥር ነው። ጠቅላላው ሕዝብ በስቴት-ስፔስ ሞዴል ይገመታል፦ የማይታዩት የዕድሜ ክፍሎች በአንድ በኩል፣ የሚታየው ቆጠራ በሌላ በኩል።

የግልገሉ ዕድገት ሲቀንስ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቦታ ጠቦ ግልገሎች በዝተው ይሞታሉ፣ ወይም እናቶች መውለድ ይቀንሳሉ። ሁለቱም ሞዴሎች የግልገሉን ቆጠራ ይከተላሉ፤ የጎልማሳው ቁጥር ግን እጅግ ይራራቃል። የበለጠ ግልገል ፎቶ ማንሳት አይፈታውም። የፈታው ሌላ ዓይነት ዳታ ነው፦ በ2008 በበጋ የብስ ላይ ያረፉት ጎልማሶች ከአየር ተቆጠሩ፣ ከዚያ የቴሌሜትሪ መሣሪያ (እንስሳው ያለበትን በርቀት የሚያሳውቅ) ከታሰረባቸው ሲሎች ስንት ከመቶው በዚያ ሰዓት የብስ ላይ እንደሚሆን ተገምቶ ቆጠራው ተስተካከለ። ዝቅተኛውን ቁጥር ማለትም የግልገል ሞቱን ሞዴል ደገፈ።

#11 ተጠራጣሪው

እሺ፣ ስለ ሙሉ ቆጠራው ተሸንፌያለሁ። ግን መንግሥት የሚጠይቀው «እየቀነሰ ነው ወይስ አይደለም» ነው። ለዚያ ስንት ዓመት ያስፈልጋል?

#12 መስመር ሠሪ

ይህን ከመጀመሩ በፊት የሚያሰላ ሰው ጥቂት ነው፤ መጠየቅህ ጥሩ ነው። መለኪያው ሲቪ ነው (ሥራ የሚፈለግበት ሲቪ አይደለም፤ የግምቱ ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም የመዋዠቁ መጠን፣ ለራሱ ለግምቱ ሲካፈል)። በዓመት አንዴ ይቆጠር፣ ሲቪው 0.25 ይሁን፣ እንስሳው በየዓመቱ 5% ይቀንስ። በተለመደው 5% ጠርዝ (የሐሰት ማንቂያ ዕድል) እና 80% ኃይል (እውነተኛውን ቅነሳ የማግኘት ዕድል) ለማረጋገጥ 14 ቆጠራ ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ግማሽ ያህሉ አልቋል። ሲቪው 0.10 ቢሆን 8 ቆጠራ ይበቃል፣ የጠፋውም 30% ገደማ ይሆናል። «ጉልህ ለውጥ አልታየም» የሚል ሪፖርት ሲቪው ሳይጻፍ ከመጣ ምንም አልነገረህም።

ሲቪ በቀጥታ ወደ ሕግም ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ከ1994 ጀምሮ በመረብ ሊሞቱ የሚችሉ የባሕር አጥቢዎች ጣሪያ የሚሰላው ከግምቱ ሳይሆን ከግምቱ የታችኛ ወሰን ነው። 2,000 ዶልፊን በ0.2 ሲቪ ቢገመት ዝቅተኛው 1,693 ይሆናል፤ በ0.04 የዕድገት መጠን ግማሽና በ0.5 የጥንቃቄ አባዢ ጣሪያው ወደ 17 ይመጣል። ያው 2,000 በ0.6 ሲቪ ቢገመት ጣሪያው 12 ወይም 13 ነው። ደካማ ዳታ የሚያስከፍለው ዓሣ አጥማጁን ነው።

አሁን ወደ ሙያው። ቁጥር ወዳድ፣ ከስታቲስቲክስ ስለመጣህ ላይክሊሁድና ጂኤልኤም (የስታቲስቲክስ ሞዴል መሠረቶች) አለህ ብዬ ልውሰድ። የሚጎድልህ የሚሆነው፦ ጋም (ኩርባን የሚከተል ሪግሬሽን)፣ የቤይስ ስሌት፣ ስቴት-ስፔስና ድብቅ ማርኮቭ ሞዴል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲሙሌሽን። ብዛቱን አንተ የምታውቀው ሰው ሠራሽ ሕዝብ ፍጠር፣ ዳሰሳውን በኮምፒውተር 500 ጊዜ አካሂድ፣ ግምትህ ወደ እውነቱ ይመለስ እንደሆነ እይ። አንዱን ቅድመ ሁኔታ አፍርሰህ ድገመው። ለማመልከቻ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። በአር ውስጥ ዲስታንስ፣ ለሁለት ተመልካች ኤምአርዲኤስ፣ ለቦታ ካርታ ዲኤስኤም፣ ለካሜራ ትራፕና ለቦታ-ገብ መያዝ (እንስሳው የት እንደታየም የሚጠቀም ስሌት) ሴክር የሚባሉ ጥቅሎች ከነመለማመጃ ዳታቸው ይመጣሉ።

የት? ኮርማክ ያስተማረበት የስኮትላንዱ ሴንት አንድሪውስ በ1999 የተቋቋመ የኢኮሎጂ ሞዴል ማዕከል አለው፤ የዲስታንስ ሶፍትዌርም የሚያድገው እዚያ ነው። የሙያው ዓለም አቀፍ ጉባኤም በ2008 እዚያው ተጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። ብሪታንያ ውስጥ ዶክትሬት ኮርስ የበዛበት አይደለም፣ ከመጀመሪያው ወር በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። በመንግሥት የምርምር ገንዘብ ከሚደገፉት ቦታዎች ከ2021 ጀምሮ እስከ 30% ለውጭ ተማሪ ክፍት ነው፤ የትምህርት ክፍያ ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን ግን ከማመልከት በፊት ጠይቅ። አሜሪካ ረጅም ነው፣ ኮርስ አለው፣ ብዙውን ጊዜ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ይከፈላል። ሥራው ከዩኒቨርሲቲ ውጭም አለ፦ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቶች፣ ባሕር ላይ የሚተከሉ የነፋስ ተርባይኖች የአካባቢ ጥናት፣ የባሕር ኃይል ሶናር በዓሣ ነባሪ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት።

ባሕር የሌለን ነን ብለህ ራስህን አትቀንስ። በ2006 የታተመው የባሌ ቀይ ቀበሮ የክትባት ሞዴል በሙያው ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። በ2003 የውሻ እብደት በሽታ ቀበሮዎቹን ከፈጀ በኋላ፣ ሁሉንም መከተብ ሳያስፈልግ ሸለቆዎቹን የሚያገናኙ መተላለፊያዎች ላይ ያተኮረ ዝቅተኛ ሽፋን ትልቁን አደጋ ሊቀንስ እንደሚችል ያሳየው ይኸው ዓይነት ስሌት ነው።

#13 ቁጥር ወዳድ

ሂስቶግራሙ ይኸው፣ በየ25 ሜትሩ፦

0–25፦ 27
25–50፦ 8
50–75፦ 11
75–100፦ 10
100–125፦ 8
125–150፦ 7
150–175፦ 5
175–200፦ 4
200–225፦ 2
225–250፦ 2

ሃፍ-ኖርማል የሚባለውን ሌላ የመታየት ኩርባም ሞክሬ 0.52 ሰጥቶኛል። የሃዛርድ-ሬቱ ኤአይሲ (የሞዴል ማወዳደሪያ ቁጥር፣ ያነሰው ይሻላል) ግን በ2.6 ያነሰ ስለሆነ እሱን መረጥኩ።

#14 ሐመልማል

የጠረጠርኩት ነው። 27፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 11። እንስሳት እንዲህ አይታዩም። ዓይን ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው፤ 20 ሜትር ላይ ሁሉን አይቶ 40 ሜትር ላይ ሁለት ሦስተኛው አይጠፋበትም፣ በተለይ ቆርኬን የሚያህል እንስሳ። ሃዛርድ-ሬት ያን ሹል ጫፍ ተከትሎ ወጣ፤ ኤአይሲ የሚነግርህ የትኛው ኩርባ ዳታውን እንደተከተለ ነው፣ ዳታው የተበላሸ መሆኑን አያውቅም።

ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንዱ ማዕዘን ማጠጋጋት ነው፦ መንጋው ከፊት ለፊት 200 ሜትር ላይ፣ በ10 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ሲታይ እውነተኛው ርቀት 35 ሜትር ነው። መዝጋቢው «ቀጥታ ነው» ብሎ 0 ከጻፈ 35ቱ 0 ይሆናል። ከሁለተኛው ሳጥን የጎደለው የመጀመሪያው ላይ ተቆለለ ማለት ነው፤ 8ቱ ጉድጓድ የመሰለውም ለዚህ ይመስላል። ሌላው፣ መስመሩ የከብት መሄጃን ተከትሎ እንስሳቱ እውነትም እዚያ ተሰብስበው ከሆነ ነው። የሜዳ ቅጹ ላይ ማዕዘን ስንት ጊዜ 0 እንደተጻፈ ቁጠርና መስመሮቹ እንዴት እንደተጣሉ ንገረን።

#15 ቁጥር ወዳድ

መስመሮቹ በዕጣ መነሻ በእኩል ርቀት ናቸው፤ መንገድ አይከተሉም። ከ84ቱ 22ቱ ማዕዘን 0 ነው። የቀሩት ሁሉ 10፣ 20፣ 30 እያሉ ይሄዳሉ፤ 5 እንኳ የለም።

#16 መስመር ሠሪ

እንግዲያው ማጠጋጋት ነው። 0ዎቹን ለመጠገን አትሞክር፤ በዕጣ እየበተኑ «ማስተካከል» ሌላ ፈጠራ ነው። ሳጥኖቹን አስፋቸውና ስሕተቱ በአንድ ሳጥን ውስጥ እንዲቀር አድርግ፦ በ0፣ 50፣ 100፣ 150፣ 200፣ 250 ቁረጥ። 35፣ 21፣ 15፣ 9፣ 4 ይሆናል። ይኸውልህ፣ ሰው የሚመስል ኩርባ። ሃፍ-ኖርማልን በዚህ ላይ አስኪደው፤ 31፣ 25፣ 16፣ 8፣ 3 ገደማ ይጠብቃል፣ ከዳታው ጋር ይቀራረባል። የመታየት ዕድሉም ያው 0.52 አካባቢ ይቆያል።

ስለዚህ ውጤታማው ስፋት በአንድ ጎን 130 ሜትር፣ 84 ÷ (2 × 0.13 × 120) = 2.69 መንጋ፣ በ3.2 ሲባዛ 8.6 እንስሳ፣ በ200 ሲባዛ 1,720 ገደማ። 3,300 የነበረው በማዕዘን ማጠጋጋት ብቻ ነው እጥፍ ያህል የሆነው። ሐመልማል ያለችውን የመንጋ እርማት ስትጨምር ትንሽ ይወርዳል።

ሲቪዎቹን ከውጤትህ አውጣ። በመስመሮቹ መካከል ያለው ልዩነት 0.20፣ የመታየት ዕድሉ 0.09፣ የመንጋው 0.08 ከሆነ ድምሩ የካሬዎቻቸው ድምር ካሬ ሥር ነው፣ 0.23። 95% ክልሉ ከ1,100 እስከ 2,700 ገደማ ይሆናል። ከጥርጣሬው ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጣው መስመር ከመስመር ስለሚለያይ ነው፤ ለሚቀጥለው ዙር ገንዘብ ካለ መስመር ጨምር፣ 12ን ወደ 20 አድርሰው፣ እያንዳንዱ ቢያጥርም ግድ የለም። ለመዝጋቢው ደግሞ ዲግሪን በአንድ በአንድ የሚያስነብብ ኮምፓስ ስጠው፣ ቅጹ ላይም 0 ከጻፈ ድጋሚ እንዲያነብ የሚያስገድድ ሳጥን ጨምርበት።